ፊደል ሲዘንብ ማን ያነባል?

ፊደል የሚጻፈው ሊነበብ ነው። ይህ አባባል ማስረጃ የማያሻው ግልጽ እውነት መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ፊደል ሳይነበብ የኖረበት፣ እንዲያውም ባለመነበቡ የተፈራበትና የተከበረበት ዘመን አጭር አይደለም። ነገሩ ዛሬም ጨርሶ አልቀረም፤ መልኩን ለውጦ በኮምፒውተር መስኮት ላይ ብቅ ብሏል።

እዚህ ላይ ለሂስ የቀረበው ሥራ «ሲማትሪክስ» የተባለ አነስተኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ክሪስ አለግሬታ የተባለ የፕሮግራም ጸሐፊ ነው። ሥራው ስክሪን ሴቨር ከሚባሉት ወገን፣ ይኸውም ሰው ከኮምፒውተሩ ዘወር ባለ ጊዜ በመስኮቱ ላይ ከሚንቀሳቀሱት ትርኢቶች አንዱ ነው። ነገር ግን እንደ ሌሎቹ የዓሣና የአበባ ሥዕል አያሳይም። የሚሠራው ተርሚናል በተባለው፣ ትእዛዝ በፊደል ተጽፎ መልሱም በፊደል በሚመለስበት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ስሙ በተጠራ ጊዜ ሰሌዳው ይጸዳል፤ ከዚያም አረንጓዴ ፊደላት ከላይ ወደ ታች እንደ ዶፍ ይወርዳሉ። በየዐምዱ ግንባር ነጭ ፊደል ይቀድማል፤ አረንጓዴዎቹ ይከተሉታል፤ ከኋላቸው ጨለማ ይመጣል። ዝናቡ ሰው እስኪያስቆመው ድረስ አያባራም።

ይህን ሥራ በብቸናና በሞጣ ሚዛን መመዘን ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ምሥራቅ ጎጃም የፊደል አገር ነው። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ የሚደርሰውን መንገድ የተከተለ ሰው የሚያልፈው በጤፍ ማሳ መካከል ብቻ ሳይሆን በጉባኤ ቤቶችም አጠገብ ነው። ከብቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርት ስሙ የታወቀ ነው፤ ደብረ ወርቅ ማርያምና የሞጣው ጊዮርጊስም እንዲሁ የትምህርት ደጆች ናቸው። በዚህ አገር አንድ ሕፃን ፊደልን የሚያውቃት በዛፍ ጥላ ሥር፣ በስንደዶ እየጠቆመ፣ ወደ ጎንም ወደ ታችም እየጮኸ ነው። እንግዲህ ከላይ ወደ ታች የሚወርድን የፊደል ጥበብ ፊደልን ከላይ ወደ ታች በሚያውቅ አገር ዓይን መመርመር ለሥራውም ክብር፣ ለአንባቢም ጥቅም ይሆናል።

ከጋሻነት ወደ ጌጥነት

ስክሪን ሴቨር በመጀመሪያ የተሠራው ለጌጥ አልነበረም። የቀድሞዎቹ የኮምፒውተር መስኮቶች በውስጥ በኩል ፎስፈር በተባለ የሚያበራ ንጥረ ነገር የተቀቡ ነበሩ። አንድ ጽሑፍ ሳይንቀሳቀስ ለብዙ ሰዓት ከቆመ ቅቡ በዚያ ቦታ እየደከመ ይሄድና የጽሑፉ ጥላ እንደ ጠባሳ ታትሞ ይቀር ነበር። ይህን ለመከላከል ሠራተኛው ሥራውን ባቆመ ጊዜ ምስሉን ያለማቋረጥ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ተፈለሰፈ። የሲማትሪክስ አረንጓዴ ቀለም እንኳ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ የእነዚያ አሮጌ መስኮቶች የብርሃን ቀለም ትዝታ ነው።

በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራው ስስ መስኮት ከተስፋፋ ወዲህ ይህ ሥጋት በአብዛኛው ቀርቷል። ስክሪን ሴቨሩ ግን አልቀረም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በእልፍኝ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ጋሻ ጌጥ ሆኖ ተቀመጠ። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። የአጨዳና የውቂያ ዘፈኖች ከሥራ ተወልደው በሠርግና በድግስ ላይ ለደስታ ሲዘፈኑ ይሰማሉ። ጥበብ ከወለደው ሥራ ሊለይ ይችላል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከቀድሞው አገልግሎቱ የተለየ ጥበብ በምትኩ ምን ይዘት ይዞ ይኖራል የሚለው ነው።

ይዘትና ቅርጽ

ሲማትሪክስ ስሙንም ቅርጹንም የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ ከቀረበው «ዘ ማትሪክስ» ከተባለው ፊልም ነው። በፊልሙ ውስጥ የሰው ልጅ መሣሪያዎች በፈጠሩለት የሕልም ዓለም ታስሮ ይኖራል። የሚወርደው የፊደል ዝናብ የዚያ ዓለም ምሥጢራዊ ጽሑፍ ነው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ዝናቡን ከማየት ብዛት የተነሣ ፊደሉ ቀርቶ በፊደሉ ውስጥ ሰዎች ይታዩታል። በሌላ አነጋገር፣ በፊልሙ ውስጥ ዝናቡ አንባቢ አለው። አንባቢው ደግሞ እስር ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው።

የፊደሎቹ ምንጭም የሚያስገርም ነው። ዝናቡን የነደፈው ሳይመን ዋይትሊ ፊደላቱን ያገኘው በቤቱ ከነበሩ የጃፓን የምግብ አሠራር መጻሕፍት እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 ተናግሯል። ፊደሎቹ በአብዛኛው ካታካና የሚባሉት የጃፓን ፊደላት ናቸው፤ በመስታወት እንደሚታይ ሁሉ ተገልብጠዋል። እንግዲህ የምዕራቡን ዓለም ተመልካች ያስደመመው ምሥጢር ለቶኪዮ ተማሪ የአንደኛ ክፍል ፊደል ነው። ምሥጢሩ ያለው በፊደሉ ውስጥ ሳይሆን በተመልካቹ አለማወቅ ውስጥ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይሏል፤ ኋላ ወደ ራሳችን ፊደል ሲመጣ ያስፈልጋልና።

ፕሮግራሙ ከፊልሙ ዝናቡን ወሰደ፤ አንባቢውን ግን ተወ። የሚያወርዳቸው ፊደላት በዕጣ የሚወጡ ናቸው። በተለመደው አሠራሩ የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና ምልክቶችን ያለ አንዳች ዝምድና ይቀላቅላል፤ በሌላ ትእዛዝ ደግሞ ካታካናን ያዘንባል። ከአንዱ ፊደል ቀጥሎ የሚመጣው ሌላው ለምን እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠየቅም መልስ የለውም።

ለፍትሕ ሲባል የሥራውን ብርታት መናገር ይገባል። ሲማትሪክስ ቁጥብ ነው። ምንም ሥዕል፣ ምንም ሙዚቃ ሳይጠቀም በፊደል ብቻ ጥልቀት ያለው ትርኢት ይፈጥራል። ተመልካቹ የዝናቡን ፍጥነት ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይወስናል፤ ቀለሙን ይለውጣል፤ ዐምዶቹ በአንድ እርምጃ እንዲወርዱ ወይም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት እንዲሄዱ ያዛል። ሁለተኛው አወራረድ ከፊተኛው እጅግ ይበልጣል፤ ምክንያቱም በአንድ እርምጃ የሚወርድ ዝናብ እንደ ወታደር ሰልፍ ዓይንን ያሰለቻል፤ በልዩ ልዩ ፍጥነት የሚወርደው ግን ዕረፍትና ጥድፊያ ያለው ምት ይፈጥራል። ግንባር ቀደሙ ነጭ ፊደልም ዓይንን እየመራ ይወስዳል። እነዚህ ሁሉ የቅርጽ ችሎታ ምልክቶች ናቸው።

ነገር ግን ቅርጽ ብቻውን የቱን ያህል ይራመዳል? በጎጃም የቅኔ ቤት ቋንቋ ለመናገር፣ ይህ ሥራ ወርቅ የሌለው ሰም ነው። አንጥረኛ ሰሙን የሚቀርጸው በሰሙ አምሳል ወርቅ ሊያፈስስ ነው። ሰሙ ይቀልጣል፤ ወርቁ ይቀራል። በሲማትሪክስ ግን ሰሙ ያለማቋረጥ እየቀለጠ ይፈስሳል፤ ወርቅ የሚገባበት ሻጋታ አልተበጀለትም። ተመልካቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያየው በመጨረሻው ደቂቃ የሚያውቀው በመጀመሪያው ደቂቃ ካወቀው አይበልጥም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው አለግሬታ በዚያው በ1999 «ናኖ» የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም መጀመሩ ነው። ናኖ በተርሚናል ላይ ጽሑፍ የሚጻፍበትና የሚታረምበት መሣሪያ ነው፤ እስከ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። የአንድ ሰው እጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ፊደል ቃል የሚሆንበትን መሣሪያና ፊደል ከቃል የሚለይበትን ትርኢት አፈራ። ፊደልን መብራትም መጋረጃም ማድረግ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የክታቡ ነገር

የማይነበብ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ጽሑፍ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ክታብ የሚባለው ጥቅል ብራና ምሳሌው ነው። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጥላል፤ በጸሎትና በአስማት ይሞላዋል፤ በመካከሉ ትልልቅ ዓይኖች ያሏቸውን ጠልሰሞች ይስልበታል። ብራናው ተጠቅልሎ በአንገት ይታሰራል ወይም በመኝታ ራስጌ ይሰቀላል። ባለቤቱ በአብዛኛው ማንበብ አይችልም፤ እንዲያነበውም አይጠበቅም። የጽሑፉ ኃይል ከመነበቡ ሳይሆን ከመኖሩ ይመነጫል ተብሎ ይታመናል።

ክታብ እንደ ሥዕልና እንደ ብራና ሥራ ታላቅ ቅርስ ነው። ዳሩ ግን በፊደልና በሕዝብ መካከል የነበረውን ግንኙነት በግልጽ ያሳያል፤ የሚያውቅ ጥቂት፣ የሚፈራ ብዙ። ሲማትሪክስ በዘመናዊ ልብስ የመጣ ክታብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቴሌቪዥንና በፊልም ውስጥ «የኮምፒውተር ሊቅ» መጣ ለማለት ከበስተጀርባው አረንጓዴ ፊደል ሲወርድ ይታያል። ተመልካቹ አያነብም፤ ይደነቃል። አድናቆቱም መሣሪያው ለጥቂቶች እንጂ ለእርሱ እንዳልተሠራ ያሳምነዋል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክም በዚችው አገር አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልን ከጥቂቶች እጅ አውጥቶ ለሰፊው ሕዝብ ለማድረስ የተነሣ ነበር። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች፣ በግዕዝ ፊደል ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮ ሽልማት ተቀበለ። የገጠር ሽማግሌ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ከማተም ወጥቶ ስሙን ጻፈ። ይሁንና ከዘመቻው በኋላ የታየውን መራራ እውነትም መደበቅ አይገባም። ፊደል ከቆጠሩት መካከል ብዙዎቹ የሚነበብ ነገር ስላላገኙ ያወቁትን መልሰው ረሱ። ፊደሉ በዓይናቸው ፊት እንደ ገና ሥዕል ሆነ። በዚህ ሂስ ውስጥ ያለው ቁም ነገር ይኸው ነው። ፊደል የሚነበብ ነገር በታጣ ጊዜ ወደ ጌጥነት ይመለሳል። ጌጥነት የፊደል ሞት መጀመሪያ ነው።

አቡጊዳ

አንዳንድ ወገኖች ይህ ሂስ ጠነከረ ይሉ ይሆናል። ሲማትሪክስ ጨዋታ እንጂ መጽሐፍ አይደለም፤ ውበቱም በመደበላለቁ ላይ ነው፤ ሥርዓት ቢገባበት ይሞታል የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል። ክርክሩ ችላ የሚባል አይደለም። መልሱን ግን በብቸናና በሞጣ ያሉ የፊደል መምህራን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል።

ልጁ ሀ ሁ ሂን በቃሉ በያዘ ጊዜ መምህሩ አያምነውም። ዓይኑ ሳያይ አፉ ሊዘምረው ይችላልና። ስለዚህ ፊደሉ ይደበላለቅበታል። አቡጊዳ የሚባለው ገበታ ይህ ነው፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ረድፍ በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ ይላል። ፊደሉም ድምፁም በአንድ ጊዜ ደረጃ ይለውጣሉ። በቃል የተያዘው ዜማ ይሰበራል፤ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለማወቅ ይገደዳል። አቡጊዳ ካለፈ በኋላ ነው ወደ ቁጥር፣ ወደ ግዕዝ፣ ወደ ውርድና ወደ ቁም ንባብ የሚሸጋገረው። ቃሉ ዓለም አቀፍ ሆኗል፤ ፒተር ዳንኤልስ የተባለው የፊደል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 እንደ ግዕዝ ያሉትን የጽሕፈት ሥርዓቶች ለመሰየም «አቡጊዳ» የሚለውን ቃል ወስዷል።

እንግዲህ ፊደልን መደበላለቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ በዓላማው ላይ ነው። አቡጊዳ የሚደበላልቀው ዓይን እንዲነቃ ነው፤ ሲማትሪክስ የሚደበላልቀው ዓይን እንዲፈዝ ነው። አንደኛው መደበላለቅ ወደ ንባብ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ከንባብ ያርቃል። ጨዋታውንና ትምህርቱን ማስታረቅ የማይቻል ነው ያለው ማነው?

እዚህ ላይ የዘመን መገጣጠም አለ። ፊልሙ በወጣበትና ሲማትሪክስ በተጻፈበት በዚያው በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ፤ የሀ ቁጥር 4608 ነው። እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010ና በ2021 ደግሞ ጉራጌን፣ ጋሞን፣ ጎፋን፣ ዳውሮን፣ ባስኬቶንና ጉሙዝን ለመሳሰሉት ቋንቋዎች የተዘጋጁ ፊደላት ተጨመሩ። ስለዚህ መዝገቡ የአንድ ቋንቋ ጓዳ ሳይሆን የብዙ ሕዝቦች የጋራ አዳራሽ ነው።

ሲማትሪክስ ፊደሉን የሚመርጠው በሁለት ቁጥሮች መካከል ዕጣ በመጣል ነው። በምንጭ ጽሑፉ ውስጥ የካታካናን መነሻና መድረሻ ቁጥር አንሥቶ የግዕዝን ቁጥሮች በተካ ጊዜ ሀሁ መዝነብ ይጀምራል። ነገር ግን ሥራው እዚህ ላይ አያበቃም። አንደኛ፣ በመዝገቡ ውስጥ ፊደል ያልተመደበላቸው ክፍት ቁጥሮች አሉ፤ ዕጣው በእነርሱ ላይ ከወደቀ ባዶ ሣጥን ይዘንባል። ሁለተኛ፣ የተርሚናል ሰሌዳ በልማድ 80 ዐምድና 24 መስመር ሆኖ የተከፋፈለ ነው። 80 የሚለው ቁጥር አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1928 ካወጣው ባለ ቀዳዳ ካርድ የወረደ ሲሆን የየሣጥኑ ስፋት የተለካው በላቲን ፊደል ነው። ጨ፣ ጠና ሠ በዚያ ሣጥን ውስጥ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ እጀ ጠባብ እንደ ለበሰ ሰው ይጨነቃሉ። ደግነቱ ሲማትሪክስ አንድ ዐምድ እየዘለለ ስለሚጽፍ ለሰፋፊዎቹ ፊደላት መተንፈሻ አለ።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ግን የቁጥር ወይም የስፋት ጉዳይ አይደለም። በላቲንና በካታካና ፋንታ ግዕዝን ማዝነብ ብቻውን ምንም ለውጥ አያመጣም። ፊደሉ ሀገርኛ ስለ ሆነ ይዘቱ ሀገርኛ አይሆንም። የጃፓኑ የምግብ መጽሐፍ ለውጭ ሰው ምሥጢር እንደ ሆነ ሁሉ፣ የእኛም ፊደል ለውጭ ሰው ዓይን እንግዳ ጌጥ ሆኖ ሊሸጥ ይችላል። ይባስ ብሎ የራሳችን ልጆች በገዛ ፊደላቸው መደነቅን ከማንበብ ሊያስቀድሙ ይችላሉ። የሚያስፈልገው ዕጣውን አስወግዶ ሥርዓት ማስገባት ነው። ሰባት ዐምድ ለሰባቱ ድምፅ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። ግንባር ቀደሙ ነጭ ፊደል ልጁ ጮክ ብሎ የሚጠራው፣ ተከታዮቹ አረንጓዴዎች የተጠሩት ይሁኑ። ፍጥነቱ በልጁ እርምጃ ይለካ። ቀጥሎ አቡጊዳ ይዝነብ። ከዚያም ቃል፣ ከዚያም ምሳሌያዊ አነጋገር ይውረድ። ያን ጊዜ ዝናቡ በማሳ ላይ የወረደ ዝናብ ይሆናል።

ይህ ማለት መሣሪያው መምህሩን ይተካል ማለት አይደለም። ልጁ ፊደል ሲስት ጆሮ የሚሰጠው፣ ሲያውቅ ደስ የሚለው ሰው ያስፈልጋል። መሣሪያው ስንደዶ ነው፤ ስንደዶውን የሚይዝ እጅ ከሌለ ፊደሉ ዝም ብሎ ያልፋል።

የገመዱ ሁለት ጫፍ

ለመሆኑ የሌላ ሰው ድርሰት እንዲህ እንዳሻ ሊለወጥ ይገባልን? በሲማትሪክስ ረገድ መልሱ አዎን ነው። የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ሲሆን የወጣውም ጂ.ፒ.ኤል. በተባለው ፈቃድ ነው። ይህን ፈቃድ ሪቻርድ ስቶልማን የመጀመሪያውን እትም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ፈቃዱ ማንም ሰው ፕሮግራሙን ለፈለገው ጥቅም እንዲያውል፣ ውስጡን እንዲመረምር፣ ለባልንጀራው እንዲያካፍልና እንዲያሻሽል መብት ይሰጣል። በአንጻሩም አሻሽሎ የሚያሠራጭ ሰው ያንኑ መብት ለተቀባዩ እንዲያስተላልፍ ያስገድዳል። የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ያኖር ነበር። ጂ.ፒ.ኤል. የእኛ ዘመን ውግዘት ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ልዩነቱ መጽሐፉ ከደብሩ እንዳይወጣ ሳይሆን ከሕዝብ እጅ እንዳይወጣ የሚጠብቅ መሆኑ ነው።

ከሞጣ በኩል ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ሰባራ ድልድይን ያገኛል። በ17ኛው መቶ ዓመት ጎጃምንና ቤጌምድርን ለማገናኘት የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው የሚሻገረው በገመድ ታስሮ ነበር፤ ወዲህ ማዶ ያሉት ይለቁታል፣ ወዲያ ማዶ ያሉት ይስቡታል። አዲስ መሸጋገሪያ እስኪሠራ ድረስ ሕይወት በዚያ ገመድ ላይ ነበረች። ገመድ አንድ ጫፉ ብቻ ከተያዘ አያሻግርም።

ክፍት ሆኖ የተሰጠ ድርሰትም እንዲሁ ነው። ወዲያ ማዶ ያሉት የገመዱን ጫፍ ወርውረዋል። ሲማትሪክስ ባዶ ነው ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ወቀሳውም እውነት አለው። ነገር ግን ባዶነቱ የተከፈተ ባዶነት ነው፤ የሚሞላው ሰው ይጠብቃል። ወዲህ ማዶ ያለውን ጫፍ መያዝ የፊደልን ጠባይ የሚያውቁት መምህራን፣ ምቱን የሚያውቁት ገጣሚያን፣ መሣሪያውን የሚያውቁት ወጣቶች ድርሻ ነው። እነዚህ ሦስቱ በብቸናም በሞጣም አሉ፤ እስካሁን የጎደለው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው። ይህ በሆነ ጊዜ ፊደል ሲዘንብ ማን ያነባል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሐያሲ መሆኑ ይቀራል፤ በመስኮቱ ፊት የተቀመጠው ልጅ ጮክ ብሎ ይመልሰዋል።